ያልታሰረው ክር

የቅርጫት ኳስ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት፣ አሰልጣኙ በትንሿ ነጭ ሰሌዳ ላይ የሳለው ቀስት ቀውላላው ልጅ ጋ ደርሶ ቆመ። "የመጨረሻዋን ኳስ የምታገባት አንተ ነህ" አለው። ልጁ ቡድኑን ገና መቀላቀሉ ነበር፤ ጓደኞቹም "የፈረመው ያለ መሰላል አምፖል እንዲቀይርልን ነው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሁን ግን በአንድ ነጥብ እየተመሩ ነበርና ማንም አልሳቀ።

"ኧረ አሰልጣኝ!" አለ ሁሉም ጋሼ የሚሉት አምበል። "ይሄን ሁሉ ሸክም በዚህ ልጅ ላይ? እንደ ወትሮው እኔ ልወርውራት እንጂ!" ልጁ ናቀኝ ብሎ ደሙ ፈላ። ፊቱን እንዳያዩበት ጎንበስ ብሎ የተፈታውን የጫማውን ክር ሊያስር ሞከረ፤ ጣቶቹ ግን አልታዘዝ አሉት። ክሩ አንዴ አመለጠው፤ ደግሞ አመለጠው።

አምበሉ አጠገቡ በርከክ አለና "ተው፣ እኔ ልሰርልህ" ብሎ ክሩን ያዘ። ልጁ መልሶ ሊቀማው ሲል የአምበሉን ጣቶች አየ። ስንት ዓመት ሙሉ የመጨረሻዋን ኳስ ሲያገቡ የኖሩት ጣቶች ከእሱም ብሰው ይንቀጠቀጡ ነበር። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው" አለ አምበሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ልወርውራት ያልኩት አንተም ይሄን እንዳትለምደው ብዬ ነው።" ወደ ሜዳ የሚመልሳቸው ፊሽካ ተነፋ። ልጁ አንዱን የክር ጫፍ ከአምበሉ እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደ፤ ተጋግዘው አሰሩት።

"ጋሼ፣ ለኔ አቀብለኝ" አለው ቀና እያለ። "ዛሬ እንኳ አንተ እረፍ።"