ቤንዚን የማትጠጣዋ መኪና

ያረጋል ቡሬ መውጫ ላይ ባለው ጋራዡ፣ ታናሽ ወንድሙ ናሁሰናይ ከፍኖተ ሰላም ይዟት በመጣው ባለቱርቦ የስፖርት መኪና ላይ አዲስ የቤንዚን ፓምፕና የሞተር ኮምፒውተር ገጠመ። ታንከሩን ለሥራው ብሎ አድርቆት ነበርና፣ የዳሽቦርዱን መብራት ብቻ ለማየት፣ መሪው ጋ የተቀመጠውን ናሁሰናይን «እስቲ ቁልፉን ክፈተው» አለው። ሞተሩ ተነሣ።

ያረጋል ደንግጦ ባትሪውን ነቀለ። ሞተሩ ባሰበት።

«አጥፋው፣ ናሁ።»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለ ወንድሙ፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነው። «ብርድ ብርድ አለኝ። እግሬንም ማንሣት አቃተኝ።»

ያረጋል በሩን ከፍቶ በብብቱ ይዞ ሳበው፤ ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር የናሁሰናይ ፊት እየገረጣ ሄደ።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ ቤንዚን ቅዳላት።»

ያረጋል የቤንዚኑን ጀሪካን አንሥቶ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠው። ታንከሩ ሞልቶ መሬት ላይ ፈሰሰ። የነዳጅ መለኪያው መርፌ ግን፣ ያረጋል ዓይኑ እያየ፣ ከወንድሙ ትንፋሽ ጋር እኩል ከግማሽ ወደ ባዶ መውረዱን ቀጠለ።