አርባ ስግደት

ምርጫው በተቃረበ ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ምእመኑን «ታቦት ያለ ጥላ ወጥቶ ያውቃል? እንግዲያው ጃንጥላን ምረጡ! ወንፊትን የመረጠ ኃጢአት አለበት» አሉ። ወንፊት የተቀናቃኙ እጩ ምልክት ነው፤ የጃንጥላ ምልክት ያለው እጩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ አስከድኖ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ምን ይበሉ?

በምርጫው ማግስት ዘርትሁን የምትባል የንስሐ ልጃቸው እያለቀሰች መጣች።

«አባቴ፣ በድያለሁ። ጃንጥላው ላይ ላትም ስል ጣቴ እምቢ አለኝ። ሰውየው መሬታችንን እንደነጠቀን ትዝ አለኝና ወንፊቱ ላይ አተምኩ።»

«አርባ ስገጂ ልጄ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

እሷ ስትወጣ ባሏ ገባ። እሱም ወንፊት። ከዚያ ጎረቤታቸው፣ ከዚያ የጎረቤታቸው እናት። እስኪመሽ ሃያ ሦስት ሰው ይህንኑ ተናዘዘ፤ ቄሱም ለሁሉም አርባ አርባ ስግደት አዘዙ።

በሦስተኛው ቀን እጩው በመኪናው ወስዶ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት አሳያቸው። ከወንፊት ፊት ለፊት የተጻፈው ዜሮ ነው።

«አንድም ሰው አልከዳኝም! የእርስዎ ስብከት ነው፤ በሉ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይመስክሩ» ብሎ ማይክራፎን አቀበላቸው።

ኑዛዜ ለሰው አይወራም። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሕዝቡ በአንድ ልብ መርጧል።»

ማይክራፎኑን የያዘችው፣ ወንፊቱ ላይ ያተመችው የራሳቸው አውራ ጣት ቀለሟ ገና አልለቀቀም ነበር።