የማንጋቴን ፌርማታ

ዓባይነሽ የመዶሻውን ድምፅ ሰምታ ከኩሽና ስትወጣ አንድ ችካል እስከ ግማሹ ድረስ መሬት ገብቷል። የተተከለው ከምግብ ቤቷ ጎን፣ ግንበኛው በድሉ ለአዲሱ ክፍል መሠረት ሊቆፍር በኖራ ካሰመረው መስመር መሀል ነው። በድሉ ዶማውን ተደግፎ "እኔን አትጠይቂኝ" በሚል ፊት ያያታል።

"ምንድነው እሱ?" ሳታስበው በአማርኛ ያመልጣታል።

መዶሻውን የያዘው ወጣት ቀና ይላል። "አበሻ ነዎት እንዴ! ሠርፀ እባላለሁ፣ ቀያሽ ነኝ። ለባቡሩ ጥናት ነው።"

"የምን ባቡር?"

"ቀላል ባቡር፤ እንደ አዲስ አበባው። ከጁባ የወንዝ ወደብ ተነስቶ፣ በቡሉክ ሠፈር አድርጎ ወደ ከተማው ዳር ይወጣል። እዚህ ማንጋቴን ላይ ፌርማታ ይኖረዋል። ከተሠራ ማለቴ ነው።"

"ከተሠራ?"

"ማን እንደሚሠራው ገና አልታወቀም፣ እትዬ።"

ዓባይነሽ በግቢው የተከመረውን ብሎኬት ታያለች። ትናንት ነው የተራገፈው። ጁባ ከገባች ጀምሮ የሠራችው ሁሉ በቆርቆሮና በሸራ ነው፤ ነገ ተነሺ ብትባል ጠቅልላ የምትሄደው። ብሎኬት ስታስገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ታዲያ ላስቆፍር ወይስ ልተው?"

"እኔ ብሆን ትንሽ እጠብቅ ነበር።"

"ትንሽ ስትል?"

ሠርፀ አንገቱን ያካል። "ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ላይመጣም ይችላል።"

መቆጣት እንዳለባት ታውቃለች። ግን ዓይኗ ሠርፀ አጠገቡ ባቆመው ባለ ሦስት እግር የመለኪያ መሣሪያ ላይ ነው። ባቡሩ በየት በኩል ነው የሚመጣው? በሩ የሚከፈተው ወደ እሷ ነው ወይስ ወደ ማዶ?

"በዚህ ምን ይታያል?"

ሠርፀ ፈገግ ብሎ ቦታውን ይለቅላታል። ጎንበስ ብላ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከሜዳው ማዶ ያለው የተፈናቃዮች ሠፈር ዘሎ ፊቷ ይመጣል፤ ሸራዎቹ፣ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ፣ መስታወት የተሰካበትን ዘንግ ይዞ የቆመው የሠርፀ ረዳት ሉቃስ። አጠገቡ በሣር በተከደነ ዳስ ሥር አንዲት ሻይ ሻጭ ተቀምጣለች። እጇን ብትዘረጋ የምትነካት ይመስላታል። ስንት ዓመት ስታየው የኖረችውን ይህን ሜዳ ግን አንድ ቀን ተሻግራው አታውቅም።

ሉቃስ ስልክ ሊያነሳ ዞር ይላል። ሴትየዋ ታየዋለች። ከዚያ ብድግ ብላ እግሩ ሥር ያለውን ችካል በሁለት እጇ ትነቅላለች።

"ነቀለችው!" ትላለች ዓባይነሽ።

"አሁንም? ትናንትም ነቅላዋለች።" ሠርፀ መዶሻውን ያነሳል። "የሠፈሩ ሰዎች አይፈረድባቸውም። ከስንት ቦታ ተነስተው ነው እዚህ የደረሱት። ችካል ሲያዩ ይደነግጣሉ።"

ሜዳውን ሲያቋርጥ ዓባይነሽ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ትከተለዋለች።

ሲደርሱ ሴትየዋ ችካሉን አልደበቀችውም። ከዳሷ ፊት ለፊት አቁማ በድንጋይ እየመታች እንደገና እየተከለችው ነው።

"ሰላም ታኪ" ትላለች ዓባይነሽ በምታውቀው ጥቂት የጁባ አረብኛ።

"ሰላም። አማርኛ ተናገሪ፤ ጋምቤላ ነው ያደግኩት። አቤኒ እባላለሁ።"

"ለምን ነቀልሽው?" ይላል ሠርፀ።

"አልነቀልኩትም፤ አዛወርኩት።" አቤኒ በድንጋዩ ትጠቁማለች። "አንተ የተከልከው እዚያ ፀሐይ ላይ ነው። ባቡር የሚጠብቅ ሰው ጥላ አያስፈልገውም? ሻይስ አይጠጣም?"

ሠርፀ ጎንበስ ብሎ ችካሉን ይነካካል። "ፌርማታው በዚህ አይዛወርም እኮ። ልኩ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው።"

"ካልተዛወረ ምን አናደደህ?"

ዓባይነሽ ሳቋን መያዝ ያቅታታል። ሠርፀም ይስቃል። አቤኒ ለሁለቱም በርጩማ ታቀርባለች፣ ሻይ ትቀዳለች።

"ላይመጣ ይችላል አሉ" ትላለች ዓባይነሽ ብርጭቆውን እየተቀበለች። "እሱ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። ቤት ልሠራ ነበር፤ ጠብቂ አለኝ።"

"እኛም እዚህ ስንመጣ ለጥቂት ወር ነው፣ ጠብቁ ተብለን ነበር። ልጄ እዚሁ ተወልዳ ትምህርት ቤት ገባች።"

ይህን ስትል ምሬት የለባትም። አየሩ ይሞቃል እንደሚል ሰው ነው። ዓባይነሽ ወደ ማዶ ትመለከታለች። ከዚህ ሲታይ የብሎኬቱ ክምር አንድ ክንድ አይሞላም፤ በድሉ አጠገቡ ተቀምጧል። ስልኳን ታወጣለች።

"በድሉ፣ ጀምር።"

"ችካሉስ?"

"እሱን እንዳትነካው። ግድግዳውን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገባው።"

ሠርፀ ሻዩን ፉት ይላል።

አቤኒ ወደ ዓባይነሽ ትጠጋለች። ዓይኗ ውስጥ ጥያቄ አለ፤ ችካሉን ከመንቀሏ በፊትም የነበረ ሳይሆን አይቀርም። "የአዲስ አበባውን ተሳፍረሽበታል?"

"አንዴ፣ ለእረፍት የሄድኩ ጊዜ። ጥቅጥቅ ብሎ ስለነበር ቆሜ ነው የሄድኩት።"

"ሲመጣ እንዴት ነው? ድምፁ?"

ዓባይነሽ ለማስታወስ ትሞክራለች። ደረጃውን ታስታውሳለች፣ ግፊያውን፣ ክርኗን የሰነቀረችባትን ሴትዮ። ድምፁ ግን ቶሎ አይመጣላትም።

"ብዙም ድምፅ የለውም" ትላለች ቆይታ። "መጀመሪያ ሐዲዱ ነው ቀስ ብሎ የሚዘፍነው። ያን ጊዜ የሚያወራው ሰው ሁሉ ዝም ይልና ፊቱን ወደ አንድ በኩል ያዞራል።"

"ወደ የት?"

ዓባይነሽ ትጠቁማታለች። ወደ ቡሉክ፣ መንገዱ ከኒም ዛፎቹ ኋላ ወደሚጠፋበት።

አቤኒ ወደዚያው ትዞራለች። ሠርፀም ሳያስበው አብሯት ይዞራል። ከዚያ አቤኒ እጇን ዘርግታ የሚፈላውን በራድ ከከሰሉ ላይ አንስታ መሬት ታስቀምጠዋለች፣ ድምፅ ካለ እንዲሰማ፣ ክዳኑ መንቀጥቀጡን እንዲተው።