ከእጅሽ የመጣ ነው

«አይቀመጡ» አለች የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ሽማግሌው ወንበሩን ገና ሲስቡት። «የባክቴሪያ ሳህን የሚነበበው ቆሞ ነው። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ፕሮፌሰሩ ወንበሩን ለቀቁት። ካፖርታቸው ሰፍቷቸዋል፤ በአንድ እጃቸው የሐኪማቸውን ወረቀት፣ በሌላው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘዋል። የሽንት ፊኛ ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ ሦስት ወር ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት በቀጭን ቱቦ ከፊኛቸው የተቀዳው ሽንት ወደዚህ ክፍል ሲመጣ፣ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ስም ያነበበችው እሷ ናት። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ሰላምታ እንደሚመልስ ሰው ራሷን ነቀነቀች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ እኒሁ ሰውዬ አለቃዋ ነበሩ። የፊኛ ካንሰር ካለባቸው አርባ ሰዎች ሽንት ያበቀለችውን ባክቴሪያ በአርባ ሳህን ደርድራ፣ «በሽታው ከእነዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖር እንደሆነ ሰዎቹን እየተከታተልን እንየው» ብትላቸው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሳቁ። «ፊኛ ውስጥ ያለ ሽንት ንጹሕ ነው፤ ይሄን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ይሄ ከእጅሽ የመጣ ነው፣ እቴጌ ጀርም!» አሉና የቆሻሻ ማስወገጃውን ክዳን በእግራቸው ረግጠው ከፍተው፣ አርባውንም አንድ በአንድ ጣሏቸው። በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና አገኘች። ወረቀቱ ላይ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ «ለእቴጌ ጀርም» ይላል። ከዚያ ሰገራ ምርመራ ላይ መደቧት። «ከሽንት ወደ ሰገራ ዕድገት አገኘች» እየተባለ ስንት ዓመት ተሳቀባት።

አንድ ጥፋት ነበረባት፤ ራሷም አትክደውም። ያኔ ባዶ ሳህን አላስቀመጠችም ነበር። ባዶ ሳህን የሚባለው ሽንት ያልነካው ነው፤ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይጨመርበታል፣ ግን በዚያው እጅ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት ቱቦ ይሠራል። ቆሻሻው ከሠራተኛው እጅ የመጣ ከሆነ ባዶው ላይም ይበቅላል። ከዚያች ቀን ወዲህ ያለ ባዶ ሳህን ሠርታ አታውቅም።

ሁለቱን ሳህኖች ከማሞቂያው አውጥታ መብራቱ ሥር አስቀመጠች። ናሙና ተቀባዩ፣ ያን ቀንም በሩ አጠገብ ቆመው ሁሉን ያዩት አዛውንት፣ መዝገባቸው ላይ እንዳቀረቀሩ «ተይው ልጄ፣ የታመመ ሰው ነው» አሉ በለሆሳስ።

«ምን አደረግሁ አባባ? ውጤት ነው የማስነብበው።» ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች። «ባዶውን መጀመሪያ። ጮክ ብለው።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ምንም የለም።»

«አልተሰማኝም።»

«ምንም አልበቀለበትም!»

«የእርስዎስ?»

ሳህኑን ወደ መብራቱ ከፍ አደረጉት። ነጩ፣ ግራጫው፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህለዋ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። «ሦስት ዓይነት… አይ፣ አራት» አሉ። «ብዙ ነው።»

«ከእጄ የመጣ ይሆን?»

ናሙና ተቀባዩ መጻፍ ትተዋል።

«አይደለም» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ከእኔ ነው።»

ደስ አላት። ሰው ይታዘበኛል ብላ አልደበቀችውም፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሽማግሌው ግን አልሄዱም። ሳህኑን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰኞ መድኃኒት ይጀመርልኛል። ፊኛዬ ውስጥ የሚጨምሩት የተዳከመ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ እምቢ ይላል። እምቢ ካለ ፊኛዬን ሊያወጡት ነው።» ሳህኑን ወደ እሷ ዘረጉ። «እነዚህ የእኔዎቹ… ያግዙታል ወይስ ያከሽፉታል? መቼም አንቺ አታጪውም። ንገሪኝ፣ ልጄ።»

እቴጌ ጀርም ቀርቶ «ልጄ» ሆነች። ስንት ሌሊት አልጋዋ ላይ ተገላብጣ የተመኘችው ልመና ይኸው፣ በእግሩ መጣ። እያወቀች «አላውቅም» ብላ ልታሳርራቸው ነበር ሐሳቧ። አሁን ግን መዋሸት እንኳ አላስፈለጋትም።

«አላውቅም» አለች። «እኔም አላውቅም፣ እርግጡን የሚነግርዎትም አላገኘሁም። ገና ሰው እየመዘገብን ነው፤ ከጀመርን አራት ዓመታችን። እነዚያን አርባ ሰዎች ያኔ ይዘን፣ መድኃኒቱ ለማን ሠራ፣ ለማን አልሠራም እያልን ተከታትለናቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምነግርዎት ነገር አላጣም ነበር።»

የፕሮፌሰሩ ዓይን ቀስ ብሎ ከሳህኑ ወረደ፤ በጠረጴዛው እግር በኩል አልፎ፣ ጥጉ ላይ ቢጫ ከረጢት የለበሰው የቆሻሻ ማስወገጃ ላይ ቆመ። አሁንም የሚከፈተው በእግር ነው።

«ከዚህ ክፍል የሚወጣ እጁን ይታጠባል» አለች፤ የክፍሉ ደንብ ነው። መሳቢያዋን ስባ ሳሙናውን አወጣችና የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችላቸው። ወረቀቱ ወይቧል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

አነሱት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ሳይፈቱት፣ ከነወረቀቱ፣ ቧንቧው ሥር ያዙት፤ የጽሑፉ ሰማያዊ ቀለም በጣቶቻቸው መካከል እየቀለጠ ወረደ፤ እሳቸውም እጃቸውን ሳያነሱ ውኃው ዝም ብሎ ፈሰሰ።