አንደኛ ምርጫ

የጂኦሎጂ መምህሩ በዓመት አንድ ቀን ሰባኪ ይሆናል፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ሊመርጡ ሲሉ። ዘንድሮም አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ እርግጥ ለእሱ ሳይሆን፣ ከእሱ ቀጥሎ ለሚናገረው ለኮምፒውተር ሳይንሱ ሰው።

እሱ ግን ቅር አላለውም። ከኪሱ ጥቁር ድንጋይ አውጥቶ ከፍ አደረገና፣ "ይህ ድንጋይ የሰው ልጅ ሳይፈጠር እዚሁ ነበር!" አለ። ተማሪዎቹም ስልካቸውን ከፍ አደረጉ። ፎቶ ሊያነሱት መስሎት ድንጋዩን አስተካክሎ ያዘ፤ ለካስ ኔትወርክ ፍለጋ ኖሯል።

ስለ ወርቁ፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ከምድር ሥር ስለተኛው ውሃ ተናገረ። አገሪቱን ጂኦሎጂስት ቸግሯት እንቅልፍ ያጣች አስመሰላት። ሥራ ፍለጋ ቢሮው ደጃፍ የሚመላለሱትን የቀድሞ ተማሪዎቹን ግን ለጊዜው ረሳቸው።

አንዱ ልጅ ከፊት ተነሥቶ፣ "መምህር፣ ለራስዎ ልጅ ይመክሩታል?" ሲል ጠየቀው።

"እንዴታ! ልጄ ጂኦሎጂን አንደኛ ብታደርግልኝ እልል ነው የምለው!"

አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ አንድ እጅ ብድግ አለ። በስንት ዓመቱ አንድ ሰው አሳመንኩ ብሎ ልቡ ዘለለ፤ መነጽሩን ገፋ አድርጎ አተኩሮ አየ። ከዚያ ማይክራፎኑን በመዳፉ የሸፈነው መስሎት፣

"ብሌን፣ እጅሽን አውርጂ! ፋርማሲ ብለን እቤት ተስማምተን የለም እንዴ?" አለ።