ግራ እጅሽ ይጮኻል

ትርሲት ለነገው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፈተና የቀራት ይህ ልምምድ ብቻ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ፒያኖ ሲያስተምሩ የኖሩት ጋሽ ምንዳዬ፣ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ከጣቶቿ ሳይነቅሉ በእግራቸው ምቱን ይመታሉ።

ሙዚቃው መሀል ላይ ሲደርስ በጠራራው ቀን መብራት ሄደና የኤሌክትሪክ ፒያኖው ጭጭ አለ። ትርሲት እጇን አነሳች።

«ማን አቁሚ አለሽ?» ተቆጧት።

«ኧረ ጋሼ፣ መብራት...»

«ሰበብ አልፈልግም፤ ቀጥይ!»

ፈራቻቸው። ዝም ባለው ፒያኖ ላይ እስከ መጨረሻው ጣቶቿን አመላለሰች። የጋሽ ምንዳዬ እግር አንዴም ሳይስት አጀባት። ስትጨርስ ፊታቸው በራ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ግራ እጅሽ ብቻ አሁንም ይጮኻል። እስቲ ቀነስ አድርጊና ድገሚው።»

ትርሲት በዓይናቸው ብቻ እንደሚያዳምጧት ገባትና፣ ግራ እጇን ቀነስ አድርጋ ደገመችው።