ሻርፑ የማን ነው

አዋጁ አጭር ነው። የወደቀ ዕቃ አንስቶ ለመመለስ የመጣ ሰው፣ ባለቤቱ «የእኔ ነው» ካለ በሌብነት ይታሰራል። «የእኔ አይደለም» ካለ ደግሞ ዕቃው ቆሻሻ ተብሎ ይቃጠላል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ያወጡት ግን የተማሩ ናቸው አሉ።

ከአውቶቡስ ስወርድ ሻርፔ ጠፋኝ። ልጄ ትርንጎ በታመመችበት ዓመት አልጋ ላይ ሆና የሠራችልኝ ነው፤ ጫፉን ሳትቋጨው ሞተች። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።

በአራተኛው ቀን አንድ ጎልማሳ ሻርፔን አጣጥፎ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ከገጠር የመጣ ነው፤ አዋጁን አልሰማም።

«እማማ፣ ሲወርዱ ጣሉት። ብጠራዎት አልሰሙኝም። ቤትዎን ሳፈላልግ ሰነበትኩ።»

እጄን ስዘረጋ የሰፈሩ ጠባቂ ሮቦት ከኋላው ደረሰ።

«ይህ ዕቃ የእርስዎ ነው?» አለኝ።

«የእኔ አይደለም።»

«ኧረ የእርስዎ ነው እማማ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ሞኙ።

«አንተ ደንባራ፣ እኔ ይሄን ቡትቶ የምለብስ እመስልሃለሁ? ከየጉድጓዱ የለቀምከውን ደጄ ላይ አታራግፍ። ሂድልኝ ከዚህ።»

አንገቱን ደፍቶ ሻርፑን መሬት ላይ አኖረና ሄደ። «አይ የከተማ ሰው» ሲል ሰማሁት።

ሮቦቱ እዚያው ፊቴ አቃጠለው። ሱፍ ሲነድ እንደ ፀጉር ይሸታል። ይህ ብረት ደግሞ የሰው ፊት ማንበብ ያውቃል። ስለዚህ ሰውየው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ፣ የጎረቤት ቆሻሻ ሲቃጠል እንደምታይ ሴት ወገቤን ይዤ ቆምኩ።